የሁለቱ ሳሙናዎች እና የአሥራ ሁለት ሜትሩ ዘመቻ ዜና

ልጄ በምህንድስና ትምህርት በተቀመጠች በዘጠነኛው ዓመት፣ ተሽከርካሪ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚሄድና እንዴት እንደሚገለበጥ መመርመር በጀመረች በአራተኛው፣ አባቷ የአውቶቡስ መሪ ለቆ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው፣ የወጥ ቤታችን ቧንቧ መንጠብ ጀምሮ ነገ ይሠራል በተባለ በሰባተኛው ወር፣ ዕለቱ ሐሙስ፣ ጊዜው ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ የሆነው ነገር ይህ ነው። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን ካዩት ጠይቄ እጽፋለሁ፤ ያዩትም ሰዎች ካልተስማሙ የከፋውን እይዛለሁ፤ በዕድሜዬ እንዳየሁት እውነት ብዙውን ጊዜ ወደዚያ ይጠጋልና።

የነገሥታት ዜና ጸሐፊዎች ጌታቸውን አንቱ እያሉ ይጽፉ ነበር። እኔ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ፣ የታሪክ መጽሐፍ በውሰት ያነበብኩ እንጂ ቤተ መንግሥት ያላየሁ ሴት ነኝ፤ አፍንጫዋን የጠረግሁላትንም ልጅ አንቱ ለማለት ምላሴ እሺ ስላላለኝ እሷ እያልኩ እቀጥላለሁ። አንባቢ ግን በልቡ አንቱ ይበላት። እሷ ማለት ስህተትን በዐይኗ አይታ በቁጥር የምታርም፣ የጎማን መንሸራተት በስሌት የምትገዛ፣ በሦስት ኮምፒውተሮች መካከል ተቀምጣ ምሳዋን የምትረሳ፣ ለራስ ምታቷ መድኃኒት ውሰጂ ሲሏት መጀመሪያ ምክንያቱን እንፈልግ የምትል፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት መሐንዲስ፣ የማኅፀኔ የበኩር እና የመጨረሻ።

የዘመቻዋም ፈረስ ነገር እንዲህ ነው። ቁመቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ አራት ጎማ ያለው፣ በጀርባው ትሪ የተሸከመ፣ ከፊቱ ወለል ላይ የተለጠፈ ጥቁር መስመር የሚያዩ ሁለት ትንንሽ ዐይኖች የተተከሉለት፣ ባትሪው ወደ ኋላ የሆነ ሮቦት ነው፤ የተፈጠረበትም ምክንያት በሆስፒታል ኮሪደር ላይ መድኃኒትና የደም ናሙና ተሸክሞ፣ ሳያንጠባጥብና ሰው ሳይገጭ ከክፍል ክፍል እንዲያደርስ ነው። የተወለደ ዕለት ከእጇ አምልጦ በርጩማ ስለሰበረ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳው አባቷ «አባ ቀስ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስም ምኞት ነውና።

ልጄ የምታጠናው ቁጥጥር የሚባለውን ነው። አባቷ ይህን መጀመሪያ ሲሰማ፣ በየፌርማታው እየወጡ ትኬት ሲያገላብጡበት የኖሩት ተቆጣጣሪዎች ትዝ ብለውት ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ እሷ ግን አስቀምጣ አስረዳችው። ማሽኑ ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀ ያያል፣ በራቀበት ልክ ራሱን ይመልሳል፣ እንደገና ያያል፣ እንደገና ይመልሳል፤ በአንድ ሰከንድ መቶ ጊዜ። ትንሽ ላጠፋ ትንሽ፣ ብዙ ላጠፋ ብዙ። ከልክ በላይ ያረሙት እንደሆነ ግን እርማቱ ራሱ ጥፋት ይሆንና ማሽኑ እንደ ሰካራም ከግድግዳ ግድግዳ ይላጋል አለች። ይህን ስትል ወደ እኔ ለምን እንዳየች እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በዚያም ወራት የዩኒቨርሲቲው አዋጅ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲህ ተብሎ ወጣ፦

«ተመራማሪዋ በሦስት ፈታኞች ፊት ማሽኗን በአሥራ ሁለት ሜትር ኮሪደር ላይ ታስኬዳለች። አንድ ጥግ ይታጠፋል። ትሪው ላይ ከአፉ አንድ ጣት ጎደል ብሎ የተሞላ የውኃ ብርጭቆ ይቀመጣል። ሙከራው ሦስት ነው። በሦስቱም ካልተሳካ በሚመጣው ዓመት ትመለሳለች፤ የላቦራቶሪው ጠረጴዛም ለተረኛ ይሰጣል።»

ልጄ ይህን አዋጅ በስልኳ ፎቶ አንስታ ስታሳየኝ፣ እሷ ያነበበችው የመጀመሪያውን መስመር ነበር፤ እኔ ያነበብኩት የመጨረሻውን። አራት ዓመት ያጎነበሰችበት ጠረጴዛ ለተረኛ ሲሰጥ ታየኝ፤ ተረኛውም ታየኝ፤ ጢም ያለው፣ ሰላምታ የማይሰጥ ሰው ነበር።

የላቦራቶሪውን ኮሪደር ቀን ቀን ተማሪ ስለሚሞላው፣ ልጄ ሠራዊቷን ወደ እኛ ፎቅ አዞረች። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የጋራ ኮሪደራችን ረጅም ነው፣ አብዛኛው ጎረቤት ሥራ ስለሚውል ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው፣ መጨረሻው ላይም ወደ ደረጃው ይታጠፋል። ጥቁሩን መስመር በፕላስተር ከበራችን ጀምራ እስከ ጥጉ ለጠፈች፤ ከጥጉ ወዲያ ባለው ደረጃ አፍ ላይ እኔ ትራስ ደረደርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከእኛ ወገን የወደቁት እነዚህ ናቸው፦ ሦስት ብርጭቆ፣ ከፊት ለፊታችን የምትኖረው የልብስ ሰፊዋ የአበባ ማሰሮ፣ የአባቷ የግራ እግር አውራ ጣት። አውራ ጣቱ በኋላ ዳነ። ልብስ ሰፊዋ ግን ከዚያን ቀን ጀምራ ከቤቷ ስትወጣ ልጅሽ አለች ወይ ብላ ሳትጠይቅ እግሯን አታወጣም ነበር፤ የሮቦቱንም ነገር ስታነሣ፣ ይሄ የታማሚ አገልጋይ መጀመሪያ ታማሚውን ራሱ ያመርታል ትል ነበር።

እኔ በበሩ ክፍተት ቆሜ ሳይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አባ ቀስ ከቆመበት ሲነሣ ፊቱ ብድግ ይላል፤ የፊት ጎማዎቹ ለቅጽበት ከወለሉ ይላቀቃሉ፤ በዚያች ቅጽበት መሪው ወዴትም ቢዞር ወለሉ አይሰማውም፤ ጎማው ሲወርድ መስመሩን አልፎት ይገኛል፣ ይደነግጣል፣ ወዲያ ይላጋል፣ ወዲህ ይላጋል፣ ውኃውም ይፈሳል። ይህን ሁሉ በምህንድስና አላሰብኩትም። ያሰብኩት፣ ይህ ነገር አንድ ቀን ትራሱን ዘልሎ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከታች ደግሞ ሰው ይኖራል፣ ያም ሰው የአምስት ልጆች አባት ይሆናል፣ ልጄም ፍርድ ቤት ትቆማለች፣ ለፍርድ ቤት የሚሆን ጨዋ ቀሚስ የላትም፣ ብዬ ነው።

ስለዚህ በማግስቱ እሷ ወደ ላቦራቶሪ ስትሄድ፣ አባቷም ጋዜጣ ሊገዛ ሲወርድ፣ ለጽዳት ስወለውለው ያገኘሁትን፣ ከአባ ቀስ ደረት ሥር ያለውን ትንሽ ክዳን ከፈትኩ። ለሁለተኛ ባትሪ ታስቦ የተሠራ፣ ባትሪው ስላልተገዛ ባዶ የቀረ ቤት ነበር። ሁለት የልብስ ሳሙና፣ እያንዳንዱ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ተብሎ የተጻፈበት፣ እንዳይንሸራተቱ በባለቤቴ አሮጌ ካልሲ ጠቅልዬ አስቀመጥኩና ክዳኑን ዘጋሁ። ሕፃን ልጅ ነፋስ እንዳይወስደው ኪሱ ውስጥ ድንጋይ እንደ መክተት ያለ ነገር ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር ይስቁብኛል፣ ባይስቁም ያወጡታል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ ከላቦራቶሪ ስትመለስ ቀመሯን ቀይራ መጣች። መኪና እንዴት እንደሚዞር የሚናገር፣ አንድ ገጽ የሞላ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር እንኳ የሌለው ሁሉም ፊደል የሆነ ቀመር ነው። አባ ቀስን አስነሣችው። ፊቱ አልተነሣም፤ አልተላጋም፤ ጥጉን እንደ ትልቅ ሰው ታጠፈ፤ ትራሶቼ ሳይደርስ ቆመ፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ ትንሽ ተነቃንቆ ዝም አለ። ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናት ልጇ በደስታ ስታለቅስ አይታ፣ የለም የኔ እናት፣ ያንቺ ቀመር አይደለም፣ የእኔ ሳሙና ነው፣ እንዴት ትላለች? አላልኩም። ቀመሩን በትልቁ አትማ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው፤ እኔም ወተት ባወጣሁ ቁጥር ዐይን ለዐይን እንተያያለን።

የጠረጠረ አንድ ሰው አባቷ ብቻ ነበር። ራት ላይ ሳለን፣ አውቶቡስ ኋላው ወንበር ላይ ሰው ሲታጨቅበት መሪው እንደሚቀልል፣ ሰው ወደ ፊት ሲጠጋ ግን መሪው ልብ እንደሚገዛ ካወራ በኋላ፣ እኔ እንጃ ልጄ፣ የዚህ ልጅ ፊቱ ከብዷል፣ ይህ በቂጥ የሚታወቅ ነገር ነው አለ። እሷም ሳቀችና፣ አባዬ፣ የአንተን ቂጥ ወደ ሂሳብ የሚቀይር ሰው እስካሁን አልተገኘም አለችው። እኔ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ያውም የዳነውን አውራ ጣት። ቃሉን ከጉርሻው ጋር ዋጠ፤ ነገር ግን ለሦስት ሳምንት እኔን በጎን ያየኝ ነበር።

ሦስት ሳምንትም እንዲህ ሆኖ አለፈ። አባ ቀስ መቶ ጊዜ ሄደ፣ መቶ ጊዜ ደረሰ። ዋዜማውም ደረሰ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ልጄ ነጭ ሸሚዟን አውጥታ ሰጠችኝና ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች፤ እኔም ማሽኑን እየወለወልኩ ሳለ ድንገት ታየኝ። ፈታኞቹ ይመጣሉ፤ አንደኛው ሆዱን ክፈቱት ይላል፤ ይከፈታል፤ ከመሐንዲስ ማሽን ሆድ ውስጥ በወንድ ካልሲ የተጠቀለለ ሳሙና ይወጣል። ሳቁ በጆሮዬ ተሰማኝ። ልጅን ሐኪም ዘንድ ሲወስዱ ኪሱን ባዶ እንደሚያደርጉት፣ ባዶ አደረግሁት። ቀመሩ ደግሞ ማቀዝቀዣው ላይ አለ፣ ተምሮ ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ሳምንት ቀላል ጊዜ አይደለም አልኩ። ከሁለቱ ሳሙናዎች የአንዱን መጠቅለያ ቀድጄ ሸሚዙን አጠብኩበት። ሁለተኛውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ በሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሳሙና ኖሮ አያውቅምና።

ስለ ቦርሳዬ መናገር ተገቢ ነው፤ የትኛውም ዘመቻ ያለ ስንቅ አይነሣምና። በዚያች ሐሙስ ጠዋት በቦርሳዬ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ መርፌና ነጭ ክር፣ ጥቁር ክር፣ ለቁስል የሚሆን ፕላስተር፣ የእጅ ባትሪ፣ ያ የተባለው ሳሙና፣ የልጄ የልደት ወረቀት ቅጂ፣ ማንኪያ፣ የውኃ ኮዳ፣ አንድ እግር ትርፍ ካልሲ፣ ሎሚ፣ እና እንዴት እንደገባ ያላወቅሁት፣ በኋላ የሚነገርለት አንድ ከባድ ነገር።

የሰልፉም ሥርዓት ይህ ነበር። በፊት ልጄ፣ ሸሚዟ እንደ ወረቀት የነጣ፣ ኮምፒውተሯን ያቀፈች። ቀጥሎ አባቷ፣ አባ ቀስን በአንሶላ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ የታቀፈ፣ ደረጃውንም በአንድ አንድ እግር የሚወርድ። ቀጥሎ እኔ፣ በሩን የምዘጋ፣ የምመለስ፣ ምድጃው መጥፋቱን የማይ፣ የምወጣ፣ የምመለስ፣ ቧንቧው የሚንጠብበትን ባልዲ የማይ፣ የምወጣ። ከኋላ ልብስ ሰፊዋ፣ ከበሯ ሆና እጇን እያወዛወዘች፣ ሂዱ ሂዱ፣ የቀሩትን ብርጭቆዎች እኔ እጠብቃለሁ የምትል። ታክሲው ታች ጥሩምባውን ስለነፋብን የመጨረሻውን መውጣቴን በሩጫ ወጣሁት።

ላቦራቶሪው በር ላይ የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ተቀበለን፤ ቀጭን ስለሆነና ከኪሱ ሁልጊዜ ገመድ ስለሚንጠለጠል ሽቦ ብለው የሚጠሩት ሰው ነው፤ ለልጄ አራት ዓመት ሙሉ ብሎን በዱቤ የሰጠ ወዳጅ ነው። ሦስቱ ፈታኞችም በኮሪደሩ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፦ አንዷ ሁልጊዜ የምትጽፍ፣ አንዱ ሰዓቱን የሚያይ፣ ዋናው ፈታኝ ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሸበቶ፣ በዚያ አቧራ ውስጥ ነጭ ጫማ ያደረጉ ሰው። ነጩን ጫማ ሳይ ልቤ ነገረኝ።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ሆነ። ሽቦ ብርጭቆውን ከአፉ አንድ ጣት አጉድሎ ሞላ፤ ልጄ ተነሣ አለችው፤ አባ ቀስ ፊቱን ወደ ሰማይ አነሣ። እዚያው አወቅሁት። ፊቱን አነሣ፣ ጣለ፣ መስመሩን አጣ፣ ደነገጠ፣ ግራ ቀኝ ተላጋ፣ ገና ሁለት ሜትር ተኩል ሳይሄድ ውኃውን አንድ ላይ ሰብስቦ በዋናው ፈታኝ ጫማ ላይ አፈሰሰው። ጸሐፊዋ ፈታኝ ጻፈች። ሰዓት የሚያየው ሰዓቱን አየ። ዋናው ፈታኝ ጫማቸውን አዩ፤ ይህም ከስድብ ይከብዳል።

ሁለተኛው ግጥሚያ ሆነ። ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ ጎንበስ ብላ የእርማቱን ኃይል ቀነሰች፣ እንዳይደነግጥ። አልደነገጠም። እንደውም ከልክ በላይ ረጋ፤ ቀጥታውን በክብር ሄደ፣ ጥጉ ጋ ሲደርስ ግን ጥግ መኖሩ ሳያስጨንቀው ቀጥ ብሎ ሄዶ የመጥረጊያ ማስቀመጫው ውስጥ ገባ፤ መወልወያውም በላዩ ወደቀ። ዋናው ፈታኝም አወጁ፦

«ሁለቱ አልፈዋል። የቀረው አንድ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ።»

ልጄ ከማሽኗ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሽቦ ጎንበስ ብሎ ምን እንደሆነ ቢጠይቃት፣ ቀመሩ ስህተት ነው፣ ሦስት ሳምንት ያየሁት ሕልም ነው አለችው፤ አጥፍቼው ወደ አሮጌው እመለሳለሁ፣ አሮጌው ቢያንስ ግማሽ መንገድ ያደርሰኛል አለች፤ ጣቷንም የሚያጠፋው ቁልፍ ላይ አደረገች። አሮጌውን እኔ አውቀዋለሁ። አበባ ማሰሮውን የሰበረው አሮጌው ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው እግሬን ረገጠኝ፤ ዞር ብል አባቷ ነው፤ ሦስት ሳምንት ያቆየውን መለሰልኝ።

እኔ በሕይወቴ ብዙ የከፋ ነገር ጠብቄአለሁ፤ የከፋው ነገር እኔ ራሴ ሆኜ እመጣለሁ ብዬ ግን አልጠበቅሁም። በሰው ሁሉ ፊት ቀርቤ እንዲህ ስል አወጅሁ፦

«ከፊት ያለው ባዶ ቤት ውስጥ ሁለት ሳሙና ነበረ። ያስገባሁት እኔ ነኝ። ትናንት ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

በነገሥታቱ ዜና እንዲህ ያለውን የተናዘዘ ሰው ወይ በሰንሰለት ያስሩታል፣ ወይ ይምሩታል። ልጄ ሁለቱንም አላደረገችም። ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሣች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ ሲመጣ አየሁ፣ ከቁጣው ኋላ ደግሞ ሌላ ነገር እየተሽቀዳደመ ሲመጣ አየሁ፣ ያም ቀደመና፦

«እማዬ፣ ስንት ስንት ግራም ናቸው?» አለች።

ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አልኳት። አንዱ እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ አንዱ ሸሚዝሽ ላይ አልቋል አልኳት። ወደ ሸሚዟ አየች። ቦርሳዬን ተቀብላ መሬት ላይ ዘረገፈችው፤ ሎሚው ተንከባለለ፤ ሳሙናው ወጣ፤ ከሥሩም ያ ከባዱ ነገር ድም ብሎ ወደቀ። ጓጉንቸር ነበር። የቤታችን ጓጉንቸር፣ ከነመክፈቻው።

የእንጨቱ በራችን ቁልፍ ከተበላሸ ቆይቷል፤ እሱም እንደ ቧንቧው ነገ የሚሠራ ነው። ቤታችንን ቆልፎ የሚያቆየው በብረት መዝጊያው ላይ የሚንጠለጠለው ይህ ጓጉንቸር ብቻ ነው፤ እኔም በዚያ ጥሩምባ መሐል፣ ምድጃና ባልዲ ስመረምር፣ በሩ ላይ በማንጠልጠል ፋንታ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው መጥቻለሁ። በዚህ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሌባ ስጠብቅ ኖሬ፣ በመጨረሻ ቤቱን ከፍቼለት ወጣሁ። ወዲያው ሁሉም ነገር ታየኝ፦ ቴሌቪዥኑ በደረጃው ሲወርድ፣ አልጋ ልብሱ፣ የሠርግ ፎቶአችን ሳይቀር። እግሬ ወደ በሩ ተነሣ። በታክሲ አሥር ደቂቃ ነው፣ እሮጣለሁ፣ ጓጉንቸሩን ስጪኝ ልል አፌን ከፈትኩ።

ልጄ ግን ጓጉንቸሩን በመዳፏ እየመዘነች ነበር።

ይህን ታሪክ የምታነብ እናት ብትኖር እሷ ትፍረድ። አፌን ዘጋሁት። እግሬንም መለስኩት። ውሰጂው አልኳት። ቤቱ ክፍት መሆኑን ያወቀ አባቷ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ እኔ አይቶ፣ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ሲኖር አይቶኝ እንደማያውቅ ሆኖ አየኝ።

ሽቦ ሚዛን አመጣ። ጓጉንቸሩ ከነመክፈቻው ሁለት መቶ አሥራ አንድ ግራም ሆነ። አባቷም ሳይጠየቅ መነጽሩን አውልቆ ከነማኅደሩ ሚዛኑ ላይ አኖረ፤ ሠላሳ ስድስት። ሦስት ግራም ጎደለ። እኔ ሎሚውን፣ ማንኪያውን፣ የፀጉሬን መርፌ ስሰጥ፣ ልጄ በቃ እማዬ አለችኝ፤ ሦስቱን ግራም እኔ እሸከማቸዋለሁ አለች። ሁሉን በትርፉ ካልሲ ጠቅልላ ከደረቱ ሥር አስገባች፤ የእርማቱንም ኃይል ወደ ቀድሞው መለሰች።

ጊዜውም አለቀ። ዋናው ፈታኝ ውኃ የጠጣ ጫማቸውን አንኳኩተው፣ በዕረፍቱ ምን እንደተለወጠ ይነገረን አሉ። ሽቦ በጆሮዋ፣ ማስተካከያ አደረግን በያቸው፣ ውሸት አይደለም አላት። እውነቱን ነው፤ ውሸት አይደለም። እኔም በሆዴ በያቸው፣ በያቸው እል ነበር። ልጄ ግን ቀና ብላ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀመሬ ስመካ ነበር። የማሽኑን ፊት ወለል ላይ ያቆየው ግን ቀመሩ ብቻ አልነበረም፤ እናቴ ሳትነግረኝ ያስቀመጠችው ግማሽ ኪሎ ሳሙና ነው። ቀመሬ ያንን ክብደት አያውቀውም። አሁን መልሼዋለሁ፤ አንድ ሳሙና፣ አንድ ጓጉንቸር፣ አንድ መነጽር። ከወደቀ የወደቅሁት እኔ ነኝ።»

ጸሐፊዋ ፈታኝ መጻፍ አቆመች። ሰዓት የሚያየው ሰዓቱን ረሳ። ዋናው ፈታኝ ወደ ማሽኑ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ቦርሳዬ አዩ፤ ከዚያም በአንድ ቃል አወጁ፦

«ይሂድ።»

ስለ ሦስተኛው ግጥሚያ አሁን የምጽፈው ካዩት ሰዎች ጠይቄ ነው። እኔ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ነበር፤ ባለቤቴም መነጽሩ በአባ ቀስ ሆድ ውስጥ ስለነበረ ከጭጋግ በቀር ያየው የለም፤ ምንም እንኳ ዛሬ ከሁሉም አስረዝሞ የሚተርከው እሱ ቢሆንም። ሽቦ እንደነገረኝ፣ አባ ቀስ ሲነሣ ፊቱ አልተነሣም። ቀጥታውን ሄደ። ጥጉ ጋ ሲደርስ ትንሽ ቀስ አለ፣ ሆዱ ውስጥ ጓጉንቸሩ አንድ ጊዜ ቃ አለ፣ እሱ ግን ስሙ እንደሚያዘው ቀስ ብሎ ታጠፈ፣ ጥቁሩን መስመር እስከ መጨረሻው ተከተለ፣ መስመሩ ጫፍ ላይ ከቆመው ወንበር አንድ ስንዝር ርቆ ቆመ። እኔ የሰማሁት ዝምታውን ነው። ረጅም ዝምታ ስለነበረ ሁሉም ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ስለ ውኃው ምስክሮች አይስማሙም። ሽቦ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም ብሎ ይምላል፤ ዋናው ፈታኝ ግን አንዲት ጠብታ ትሪው ላይ አየሁ ብለው ጽፈዋል። መጀመሪያ ላይ ቃል በገባሁት መሠረት ጠብታዋን እይዛለሁ።

ፍርዱም እንዲህ ተብሎ ታወጀ፦

«አልፋለች። ምዕራፍ አራትን ግን ከነክብደቱ እንደገና ትጽፈዋለች። በሆስፒታል ኮሪደር ላይ በየቀኑ አንድ ዓይነት ጭነት የሚጭን ሰው የለምና፣ ማሽኑ የተሸከመውን ራሱ ይወቅ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት እንደገና የምትለዋን ብቻ ስለነበረ ማልቀስ ጀመርኩ፤ አባቷ ማለፏን እስኪያስረዳኝ ድረስም ሦስት ሰው ውኃ አቀረበልኝ። ልጄ መጥታ አቀፈችኝ፤ አንገቴ ሥር ሆና፣ ዳግመኛ ምንም ነገር ሳትነግሪኝ ማሽኔ ውስጥ እንዳትከቺ አለችኝ። እሺ አልኳት። ቆይታ ደግሞ፣ ስትከቺ ግን ክብደቱን ጻፊልኝ አለችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴና እኔ የምናውቀውን ልጄ አላወቀችም። ደረጃውን በሦስት በሦስት ወጣሁ። የብረት መዝጊያው ገርበብ ብሎ ነበር። ከፊቱ ልብስ ሰፊዋ በርጩማዋን አውጥታ ቁጭ ብላ የሰው ሱሪ ትጠቅማለች። መሄዳችንን አይታ ብትዞር ጓጉንቸሩ የለም፤ አንቺ በር ሳትቆልፊ ከወጣሽ ጉዳዩ ትልቅ ነው ብዬ ሥራዬን ይዤ ወጣሁ አለች። ከነፋስ በቀር የገባ የለም አለች፤ እሱንም አስወጥቼዋለሁ አለች። ገብቼ ዕቃውን አየሁ፤ ቴሌቪዥኑ በቦታው፣ አልጋ ልብሱ በቦታው፣ የሠርግ ፎቶው በቦታው፤ ባልዲው ብቻ ሞልቶ ነበር። እኔ የከፋው ሲመጣ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ሲቀር ምን እንደሚደረግ ግን ያስተማረኝ ስላልነበረ፣ መሐል ቤት ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ባልዲውን ደፋሁት።

ምዕራፍ አራት ተጻፈ። በውስጡም ሠንጠረዥ አለ፤ ልጄ በጣቷ አሳየችኝ። ከጎማው ስፋትና ከባትሪው ክብደት ቀጥሎ በአንድ መስመር ላይ፣ የፊት ጭነት፣ አራት መቶ ዘጠና ሰባት ግራም ይላል፤ ምንጩ በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ፣ ሌላው ሁሉ የፋብሪካ ስም ሲጻፍለት፣ በዚህኛው ፊት የእኔ ስም ተጽፏል። አነበብኩት። ፊደሉን ተሳስታ እንደሆነ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልተሳሳተችም።

መነጽሩ ለባለቤቱ ተመለሰ። ጓጉንቸሩ ግን ሙከራው ስላልተጨረሰ እስከ ዛሬ በአባ ቀስ ሆድ ውስጥ አለ፤ እኔም አዲስ ገዛሁ። ሁለት ገዛሁ፤ አንዱን ለበሩ፣ አንዱን ለቦርሳዬ።

እነሆ፣ አሥራ ሁለት ሜትርን በሦስተኛው የተሻገረች፣ ጥግን ያስገበረች፣ ነጭ ጫማን ያጠመቀች፣ ያልሠራችውን ሠራሁ ማለትን በሦስት ፈታኞች ፊት እምቢ ያለች፣ እናቷን ከሳሙና ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ያስቀመጠች ልጅ ዜናዋ ይህ ነው። በሄደችበት ሁሉ ፊቷ አይነሣ፣ ጎማዋ አይላጋ፣ ጥጉ ይታጠፍላት፣ ውኃዋ አይፍሰስ። ሦስት ግራም የጎደላት ቀን ደግሞ፣ እናቷ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።